የታሪክ መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል? ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምንማረው



በታሪክ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎቻችን ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ይህ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፤ ያኛው ሌላ ይላል፤ አባቴ የነገረኝ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ትክክለኛው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። እነዚህ መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ እንዴት ደረሱ? ማን መረጣቸው? ያልተመረጡትስ የት ቀሩ?

በዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ጽሑፎችን በምን መለኪያ እንደሚመርጥ ለማስረዳት የፈለግሁት በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከፍተኛ ክፍል የደረሱ ተማሪዎቻችን በቅርቡ እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገባሉና አሠራሩን ቢያውቁት ይጠቀማሉ። ሁለተኛ፣ የራሳችን አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው በስጦታ የቆመ ስለሆነ እኛም መምረጥ መማር አለብን። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ እዚህ ጅቡቲ የኖረው የማኅበረሰባችን ታሪክ ራሱ መራጭ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ወደዚህ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጥሩ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንዱን ጽሑፍ «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ሌላውን አይጥልም። አንባቢው ራሱ መመዘን እንዲችል የሚያስፈልገውን ማስረጃ ይሰበስባል። ያልተሰበሰበውን ግን ማንም ሊመዝነው አይችልም።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. መጀመሪያ ወሰን ማበጀት

ሁሉን ነገር የሚሰበስብ ቤተ መጻሕፍት የለም። ገንዘብም፣ ቦታም፣ የሰው ኃይልም አይበቃም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «እኛ የምንሰበስበው ምንን ነው? ለማንስ?» ብሎ በጽሑፍ መወሰን ነው። ይህ ሰነድ የስብስብ መመሪያ ወይም ፖሊሲ ይባላል።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን እንውሰድ። የስድስት ኪሎው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ተቋሙ በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። የዩኒቨርሲቲው ሌሎች ቤተ መጻሕፍት ከሕክምና እስከ ምህንድስና ያለውን ሁሉ ሲያገለግሉ የዚህኛው ወሰን ግልጽ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የተጻፈ ነገር። በዚያ ወሰን ውስጥ ግን እጁን ሰፋ አድርጎ ይዘረጋል። በውጭ ቋንቋዎች የታተሙ መጻሕፍት፣ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የታተሙ፣ የብራና ጽሑፎች፣ ጋዜጦች፣ ደብዳቤዎችና የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ሁሉ ይገባሉ።

ወሰኑ ጠባብ፣ በወሰኑ ውስጥ ያለው ምርጫ ሰፊ መሆኑን ልብ በሉ።

ለ. ማን ይመርጣል? በየትስ ይገባል?

አሠራሩ በየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም የጋራ መልክ አለው። የታሪክ መምህራን ለሚያስተምሩትና ለሚመራመሩበት ርዕስ የሚያስፈልጋቸውን ይጠይቃሉ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው የአሳታሚዎችን ዝርዝርና በምሁራን መጽሔቶች የሚወጡ የመጻሕፍት ግምገማዎችን ይከታተላል፤ የተጠየቀው መጽሐፍ አስቀድሞ መኖር አለመኖሩን ያጣራል፤ በጀቱንም ያያል። በመምህሩና በባለሙያው መካከል ሐሳብ ቢለያይ የሚያስታርቃቸው ያ በጽሑፍ የተቀመጠው መመሪያ ነው።

መጻሕፍቱ የሚገቡባቸው በሮች አራት ናቸው፦ ግዥ፣ ስጦታ፣ ከሌሎች ተቋማት ጋር የሚደረግ ልውውጥ እና በሕግ የሚሰጥ ቅጂ። አራተኛው ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በብዙ አገሮች አሳታሚ የሆነ ሁሉ ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰነ ቅጂ በሕግ ለተለየ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ይገደዳል። በኢትዮጵያ ይህን ቅጂ የሚረከበው የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። በኡጋንዳ ግን የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከ1958 ጀምሮ ይህ መብት ተሰጥቶታል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ዛሬ ማንም ገዝቶ የማያስቀምጠው ትንሽ በራሪ ጽሑፍ ከ50 ዓመት በኋላ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የዛሬው ሰው ምርጫ ያመለጠውን ነገር ለነገው ሰው ያቆያል።

ሐ. አንድ ርዕስ ይዘን እንሞክር፦ የምድር ባቡር ታሪክ

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይገባልና ሁላችንንም የሚመለከት ርዕስ ልምረጥ። የጅቡቲ አዲስ አበባን የምድር ባቡር ታሪክ የሚያጠና ተማሪ መጣ እንበል። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች የታወቁ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ለዚህ ተማሪ ምን ምን ማዘጋጀት ይኖርበታል?

መጀመሪያ የመንግሥታት ሰነዶችን፦ የ1894ቱን ፈቃድ፣ እንዲሁም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1906 የተፈራረሙትንና የባቡሩንም ጉዳይ የሚነካውን ውል። ቀጥሎ የኩባንያውን ዘገባዎችና ሒሳቦች፤ እነዚህ በፈረንሳይኛ ናቸው። ከዚያ በዘመኑ ያለፉ መንገደኞች የጻፉትን ማስታወሻና ያነሡትን ፎቶግራፍ። ከ1925 ጀምሮ ይታተም የነበረውን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣን የመሰሉ የአገር ውስጥ ጋዜጦች። በመጨረሻም እነዚህን ሁሉ መርምረው ምሁራን የጻፏቸውን ጥናቶች። በዘመኑ የተጻፈውን የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ፣ ኋላ ተመርምሮ የተጻፈውን ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ እንላለን። ጥናቱ ብቻ ቢኖር ተማሪው የተባለለትን ከማመን ሌላ መንገድ የለውም፤ ሰነዱ ብቻ ቢኖር ደግሞ ጀማሪው መግቢያው ይጠፋዋል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የጎደለ ሰው አለ። በኩባንያው ሒሳብ ውስጥ የቀን ሠራተኛው ቁጥር ነው፤ ስም የለውም። ሐዲዱ ግጦሽ ምድራቸውን ያቋረጠባቸው የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች በባለሥልጣናት ጽሑፍ ውስጥ ሲነሡ በአብዛኛው እንደ ጸጥታ ችግር ነው እንጂ የራሳቸውን ቃል አንሰማም። በየጣቢያው ሻይና ምግብ የሸጡት ሴቶች ጭራሹን አልተጻፉም። ብልህ መራጭ «ምን አለን?» ብቻ አይልም፤ «የማን ድምፅ ጎደለን?» ብሎም ይጠይቃል።

ለዚህ ጉድለት አንድ መልስ የሰጡት ተማሪዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቁ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁበት ልማድ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ሄደው ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የወረዳቸውን፣ የከተማቸውን፣ የገበያቸውን ታሪክ ጻፉ። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡት ውድ ነገሮች መካከል እነዚህ ጽሑፎች ይገኙበታል። የወጣት እጅ ሥራ ናቸው፤ ጉድለት አያጡም። ነገር ግን ያነጋገሯቸው አዛውንቶች ዛሬ በሕይወት የሉምና ታላላቅ ምሁራን ሳይቀሩ ይጠቅሷቸዋል።

መ. አምስቱ የመምረጫ ጥያቄዎች

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንድ የታሪክ መጽሐፍ በእጁ ሲገባ የሚጠይቀውን በአምስት ማጠቃለል ይቻላል።

1. ጸሐፊው ማን ነው? ያለውንስ እንዴት አወቀ? በቦታው ነበር? ሰነድ አይቷል? የግርጌ ማስታወሻና ዋቢ መጻሕፍት አሉት? ጸሐፊው ታዋቂ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የተናገረውን ሌላ ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው መቻል አለበት።

2. መቼ ተጻፈ? የትኛው እትም ነው? የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ በ1991 ሲወጣ የሚሸፍነው ከ1855 እስከ 1974 ያለውን ነበር፤ በ2001 የወጣው ሁለተኛው እትም እስከ 1991 ዘልቋል። ርዕሱ አንድ ነው ተብሎ አንዱ ብቻ ቢያዝ አንባቢው የ17 ዓመት ታሪክ ይጎድልበታል። የዘመን አቆጣጠርም መጠንቀቅ ይፈልጋል። ሽፋኑ ላይ 1959 የሚል የአማርኛ መጽሐፍ የወጣው በጎርጎርዮሳዊው በ1966 ወይም በ1967 ነው። መዝጋቢው ይህን ካላስተዋለ መጽሐፉን ከእውነተኛ ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

3. መጀመሪያ በምን ቋንቋ ተጻፈ? ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል የፈረንሳይኛ ትርጉሙ ፓሪስ ላይ የታተመው በ1930ዎቹ መባቻ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ በአዲስ አበባ የታተመው ግን በ1959 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ይህን የታተመ ታሪክ ለማንበብ ፈረንሳይኛ ማወቅ ያሻ ነበር። ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ትርጉም ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ የሚታየው ያኔ ነው። በዚህ ረገድ ጅቡቲ ያደጉ ልጆቻችን ዕድለኞች ናቸው። አማርኛውንም ፈረንሳይኛውንም ማንበብ የሚችል ተማሪ በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ሥራ መሥራት ይችላል።

4. ያለንን ይደግማል ወይስ ክፍተት ይሞላል? ስለ ዐድዋ ጦርነት 20 መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት 21ኛውን ከመግዛቱ በፊት ስለ ወደቦችና ስለ ንግድ፣ ስለ ገበሬና ስለ ሸማኔ ምን እንዳለው ማየት አለበት።

5. ልናቆየው እንችላለን? ወረቀቱ ተበልቷል? ሻግቷል? በኮምፒዩተር የሚነበብ ከሆነ ገዝተነው ነው ወይስ በየዓመቱ የምንከራየው? የብዙ ምሁራዊ መጽሔቶች ስብስብ ዛሬ የሚገኘው በኪራይ ነው። ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ንባቡም ሊቋረጥ ይችላል። የወረቀቱ መጽሐፍ ግን በጀት ቢያንስም ከመደርደሪያው አይወርድም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች በስልካችሁ ለምታዩት ሁሉ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ። አንድ የዩቲዩብ ወይም የቲክቶክ ቪዲዮ ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ጦርነት በእርግጠኝነት ሲናገር የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቁት። «እንዴት አወቅህ?» ለሚለው መልስ ከሌለው እንደ ወሬ ስሙት እንጂ ለቤት ሥራችሁ ማስረጃ አታድርጉት።

ሠ. የማንስማማበት መጽሐፍ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያረጀውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ቢያወርድ ትክክል ነው፤ ያለፈበት የመድኃኒት መጠን ሰው ሊጎዳ ይችላልና። የታሪክ መጽሐፍ ግን ሲያረጅ ራሱ ምንጭ ይሆናል። ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር ስለ ኢትዮጵያ ያሳተማቸውን መጻሕፍት እንመልከት። ሕዝባችንን ዝቅ አድርገው የሚያዩ፣ ወረራውን «ሥልጣኔ» የሚሉ ናቸው። ቢሆንም የታሪክ ቤተ መጻሕፍት አይጥላቸውም። ወራሪው ምን ያስብ እንደነበር፣ አገሩን በካርታ እንዴት እንደከፋፈለ፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገ በራሱ ቃል የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ቤተ መጻሕፍቱ በሐሳቡ ተስማማ ማለት አይደለም።

ይህን የምለው ለወላጆችም ጭምር ነው። በትምህርት ቤታችን አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ልጆች ከተለያየ አካባቢ፣ ከተለያየ ቋንቋና እምነት የመጡ ናቸው። በየቤታቸው ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ መንግሥት የሚሰሙት ታሪክ አንድ አይደለም። አንዱ ቤት ጀግና የሚባለው በሌላው ቤት በዳይ ሊባል ይችላል። አልፎ አልፎ «ይህ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍታችሁ ይውጣ» የሚል ጥያቄ ከተለያየ ወገን ይቀርባል። ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ ከመጽሐፉ ጀርባ የሰው ሐዘን ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ወገን የማይወደውን ቢያስወጣ ልጆቻችን የሚያነቡት ባዶ መደርደሪያ ነው። የሚሻለው የጎደለውን መጽሐፍ ማምጣት ነው። «ይህ መጽሐፍ የእኛን አልተናገረም» የሚል ወላጅ የእርሱን የሚናገር፣ ማስረጃ ያለው መጽሐፍ ቢያመጣልን ደስ ብሎን ከጎኑ እናስቀምጠዋለን። ስድብና ቅስቀሳ ብቻ የያዘ፣ ምንጩን የማይናገር ጽሑፍ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት አይሆንም፤ ይህ ደንብ ግን ለሁሉም ወገን እኩል ይሠራል።

ረ. ስጦታና ባለቤትነት

ዩኒቨርሲቲዎች ስጦታን በደስታ ይቀበላሉ፤ ሁሉን ግን አይቀበሉም። የተሰጠ መጽሐፍ ነጻ አይደለም። መመዝገብ፣ መጠረዝ፣ ማጽዳት፣ ቦታ ማግኘት ይፈልጋል። የሻገተ አንድ ካርቶን በጤነኛው መደርደሪያ ላይ ሻጋታ ሊያዛምት ይችላል። ስለዚህ «ከመመሪያችን ጋር የሚስማማውን እንወስዳለን፤ ቀሪውን ለሌላ እናስተላልፋለን» ብለው አስቀድመው ይናገራሉ።

ከዚህ የበለጠ ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪታኒያ ሙዚየም መግባታቸውን እናውቃለን። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የወጣ ጥንታዊ መጽሐፍ ለሽያጭ ሲቀርብ ኃላፊነት የሚሰማው ቤተ መጻሕፍት የባለቤትነቱን ታሪክ ሳያጣራ አይገዛም። ሌላ መንገድም እንዳለ የሚያሳይ ጥሩ ሥራ አለ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት 9,000 ያህል ብራናዎችን በፊልም ቀረጸ። ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ብራናው ግን በባለቤቱ እጅ ቀረ። ቤተ መጻሕፍት ለመሰብሰብ የግድ መውሰድ እንደሌለበት ከዚህ እንማራለን።

ሰ. የእኛ ድርሻ

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት ሦስተኛ ምክንያት ልምጣ። ከባቡሩ መምጣት ጀምሮ ኢትዮጵያውያን በጅቡቲ ኖረዋል፤ በሐዲዱ ላይ፣ በወደቡ፣ በንግዱ፣ በመኪና ሾፌርነት፣ በቤት ሠራተኝነት፣ በስደትም። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ነገ ቢነሣ የኩባንያ ሒሳብና የመንግሥት ደብዳቤ ያገኛል። የእኛ ቤተሰቦች ወረቀቶች ግን ያሉት በሻንጣ ውስጥና በአልጋ ሥር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ደብተር፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ከድሬዳዋ የተላከ ደብዳቤ። ቤተሰብ ቤት ሲቀይር ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ መጀመሪያ የሚጣሉት እነዚህ ናቸው። የእርጥበቱና የሙቀቱ ነገር ደግሞ ለሁላችንም የታወቀ ነው።

ስለዚህ ለመጪው የትምህርት ዓመት ከ9ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎች የሚከተለውን ሥራ አቅርበናል። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ አንድ ሰነድ ወይም አንድ ፎቶግራፍ ይመርጣል። ዋናውን ከቤት አያወጣም፤ በስልክ በጥራት አንሥቶ ቅጂውን ያመጣል። ከቅጂው ጋር አምስት ነገር ይጽፋል፦ ምን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተሠራ፣ በውስጡ እነማን እንዳሉ፣ ይህን የነገረው ማን እንደሆነ፣ እና ለምን ይህን እንደመረጠ። ያልታወቀውን «አልታወቀም» ብሎ ይጽፋል እንጂ በግምት አይሞላም። በፎቶግራፍ ጀርባ ስም መጻፍ የሚፈልግ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ይተላለፋል፣ ሥዕሉንም ያበላሻል። አዛውንት የሚያነጋግር ደግሞ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ፤ ቀኑንና ቦታውን በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ይናገር። ይፋ እንዲወጣ የማይፈልጉት ነገር ካለ ፈቃዳቸው ይከበር።

ወላጆችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት ለልጃችሁ አሳዩት። እናንተ ተራ ነው የምትሉት የደመወዝ ቁራጭ ለታሪክ ጸሐፊ ያ ሠራተኛ ስም እንደነበረው የሚናገር ማስረጃ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቤተ መጻሕፍታችን ስለ ምድር ባቡር አምስት ጽሑፎች ብቻ መያዝ ቢችል የትኞቹን ዓይነቶች ትመርጣላችሁ? ለምን?
2. በክፍላችሁ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች እነማን ናቸው? ስለ እነርሱ ማወቅ ብትፈልጉ ማንን ትጠይቃላችሁ?
3. አንድ የማትስማሙበትን ጽሑፍ ውሰዱና አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቁት። ከዚያ የምትስማሙበትን አንድ ጽሑፍ በዚያው ጥያቄ መርምሩ። ሁለቱን በእኩል ጥብቅነት መረመራችሁ?

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ለአዋቂዎችም ይሆናልና በየቤታችሁ በቡና ሰዓት ከልጆቻችሁ ጋር ብትሞክሩት መልካም ነው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

ርዕሰ መምህር